73 ዓመት የፈጀ ሂሳብ፦ የባለእርሳስ ቤንዚን ጉዳይ

ጉዳዩን ለምን መዘገብኩት

ትርፍና የሕዝብ ጥቅም ሲጋጩ ክርክራችን ቶሎ ወደ ሁለት ጫፍ ይሄዳል። አንዱ ወገን ነጋዴ ሁሉ ሌባ ነው ይላል። ሌላው ገበያውን ተዉት፣ ራሱን ያስተካክላል ይላል። ሁለቱም ለመናገር አይደክሙም። አንድ ጉዳይ ይዞ ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚከተል ሰው ግን ጥቂት ነው።

እዚህ የምከተለው አንድ ጉዳይ ነው። አሜሪካ ውስጥ እርሳስ የተጨመረበት ቤንዚን መሸጥ የጀመረው በ1923 ነው። ለመንገድ ተሽከርካሪዎች ሙሉ በሙሉ የተከለከለው ደግሞ በ1996። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የሰዎቹን ስም አልጠራም። ስማቸው መዝገብ ላይ አለ፤ ነገር ግን ስም ሲገባ ነገሩ የክፉና የደግ ሰው ተረት ይሆንብናል። እኔን የሳበኝ ተረት አለመሆኑ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። እርሳስ ስል የምንጽፍበትን ማለቴ አይደለም። እሱ ውስጥ ያለው ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ነው፤ ስሙ ብቻ ነው እርሳስ። የማወራው ለጥይት፣ ለባትሪና ድሮ ለውሃ ቧንቧ ይውል ስለነበረው ከባድ ብረት ነው። መርዝነቱ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በ1920ዎቹ ማንም ሐኪም አዲስ ነገር አይሆንበትም ነበር።

መነሻው

በዚያ ዘመን የመኪና ሞተር ያንኳኳ ነበር። ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው ቤንዚን ከፊሉ ከካንዴላው የተነሳው እሳት እስኪደርሰው ሳይጠብቅ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ሞተሩ ኳ ኳ ይላል፣ ጉልበት ያጣል፣ ውሎ አድሮም ይጎዳል። ከዚህ የተነሳ መሐንዲሶቹ ጉልበተኛ ሞተር ለመሥራት ቢፈልጉም ቤንዚኑ አላስችል አላቸው።

በታኅሣሥ 1921 ኦሃዮ ግዛት፣ ዴይተን ከተማ በሚገኘው የመኪና አምራቹ ጄኔራል ሞተርስ ላቦራቶሪ የሚሠራ አንድ ተመራማሪ መፍትሔ አገኘ። ቴትራኤቲል ሌድ የሚባል የእርሳስ ውሁድ በአንድ ጋሎን ቤንዚን ውስጥ 3 ሲሲ ያህል ጠብ ሲደረግ ማንኳኳቱ ጸጥ ይላል። አንድ ጋሎን 3.8 ሊትር ገደማ ነው። ያን ያህል ትንሽ ነገር ያን ያህል ለውጥ ማምጣቱ በእርግጥም የሚያስደንቅ ነበር።

ግን ብቸኛው መፍትሔ አልነበረም። ያው ላቦራቶሪ አልኮል ከቤንዚን ጋር ሲቀላቀል ማንኳኳትን እንደሚያቆም ያውቅ ነበር። ችግሩ አልኮል የማንም አለመሆኑ ነው። ከእህል ማንም ያወጣዋል፤ ፓተንት አይያዝበትም። ሲቀላቀልም በጠብታ ሳይሆን በብዛት ነው፤ ይህም ነዳጅ ኩባንያው ሊሸጠው ከሚችለው ቤንዚን ላይ ይቀንስበታል። እውነት ለመናገር አልኮል የራሱ ጣጣም ነበረው። ውሃ ይስባል፣ ብዙ መጠን ይጠይቃል። ቢሆንም ምርጫው የተወሰነው በጣጣው ብዛት ብቻ አይመስለኝም። አንደኛው መፍትሔ ባለቤት ነበረው፤ ሌላው አልነበረውም።

በየካቲት 1923 የመጀመሪያው ባለእርሳስ ቤንዚን ዴይተን ውስጥ አንድ ማደያ ላይ ተሸጠ። በነሐሴ 1924 ጄኔራል ሞተርስና ስታንዳርድ ኦይል ኦፍ ኒው ጀርዚ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ በጋራ አንድ ኩባንያ አቋቋሙ። ስሙ ኤቲል ሆነ። ልብ በሉ፣ ከውሁዱ ስም ውስጥ "ኤቲል" የሚለውን ወሰዱ፣ "ሌድ" የሚለውን፣ ማለትም እርሳስ የሚለውን፣ ተዉት። ገዢው ማደያ ሄዶ "ኤቲል ሙላልኝ" ይላል። ምን እየተሞላለት እንደሆነ ከስሙ አይገምትም።

ችግሩ ሲፈነዳ

በጥቅምት 1924 ኒው ጀርዚ፣ ቤይዌይ በሚገኘው የስታንዳርድ ኦይል ማጣሪያ ውሁዱን ሲያዘጋጁ የነበሩ ሠራተኞች መቃዠት ጀመሩ። የሌለ ነገር ያያሉ፤ ይወራጫሉ፤ አንዳንዶቹ ታስረው ነው ሆስፒታል የገቡት። በጥቂት ቀናት 5 ሠራተኞች ሞቱ፤ ከ30 በላይ ታመሙ። ጋዜጦች ነገሩን "የእብደት ጋዝ" እያሉ ጻፉ። ዴይተን ላይና ዱፖንት የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ውሁዱን በሚያመርትበት ፋብሪካም ሠራተኞች ሞተዋል።

የኒው ዮርክ ከተማ፣ ፊላደልፊያና የኒው ጀርዚ ግዛት ሽያጩን አገዱ። የፈጠረው ተመራማሪ ራሱ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ እጁን በውሁዱ ታጠበ፤ ጠርሙሱንም አፍንጫው ላይ ይዞ ለአንድ ደቂቃ ያህል አሸተተ። ምንም አያደርግም ለማለት ነው። ይኸው ሰው ከዚያ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ በእርሳስ ተመርዞ ለሳምንታት ከሥራ ርቆ አርፎ ነበር።

በግንቦት 1925 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ኃላፊ ዋሽንግተን ላይ ጉባኤ ጠራ። ኩባንያው ለጊዜው ሽያጩን አቆመ። የጉባኤው ክርክር የአንድ ቀን ነበር፤ እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ታሪክ ደጋግሜ የምመለስበት እዚያ ቀን ላይ ነው። የኢንዱስትሪው ተወካይ ግኝቱን ከእግዚአብሔር የተሰጠ ስጦታ ይመስላል አለ። አንድ የየል ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮሎጂስት ደግሞ በተቃራኒው አስጠነቀቀ። የሚያሰጋው የፋብሪካው አደጋ ብቻ አይደለም አለ። ከመኪና ጭስ የሚወጣው እርሳስ ጉዳቱን ቀስ አድርጎ ስለሚያመጣ፣ ሕዝቡና መንግሥት እስኪነቁ ድረስ ቤንዚኑ በየቦታው ይዳረሳል።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው በሰባት ወር ውስጥ ዴይተንና ሲንሲናቲ ላይ 252 ሰዎች አስመረመረ። በጥር 1926 ሪፖርቱን አወጣ። ለመከልከል በቂ ምክንያት የለም፤ ነገር ግን አጠቃቀሙ ሲሰፋ የረጅም ጊዜ ጉዳቱ በሕዝብ ገንዘብ መጠናቱ ይቀጥል የሚል ነው። ኮሚቴው የሠራው ደደብ ሥራ አልነበረም። በሰባት ወር ያየውን ነው የጻፈው። ቀስ ብሎ የሚገባ መርዝ ግን በሰባት ወር አይታይም።

ሽያጩ በዚያው ዓመት ቀጠለ። ጥናቱ ግን አልቀጠለም፤ ቢያንስ በሕዝብ ገንዘብ አልቀጠለም። በጀት አልተያዘለትም፣ የጊዜ ገደብ አልተቀመጠለትም፣ አላጠናችሁም ብሎ የሚጠይቅ አልተሾመለትም።

ማስረጃው በማን እጅ ነበር

ከ1926 በኋላ ለ40 ዓመት ያህል ስለ ቤንዚን እርሳስ የሚታወቀው ነገር በአብዛኛው የሚመጣው ከአንድ ቦታ ነው። ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካለ አንድ ላቦራቶሪ። ላቦራቶሪውን የሚደጉሙት ኤቲል፣ ጄኔራል ሞተርስና ዱፖንት ነበሩ። ዋናው ተመራማሪ የኤቲል የሕክምና አማካሪም ነበር።

"ውሻ በበላበት ይጮኻል" ብሎ ማለፍ ይቀላል። ግን ነገሩ ከዚያ ይረቃል። ሰውየው ፋብሪካ ውስጥ የሠራተኞችን ደኅንነት በእጅጉ አሻሽሏል፤ እንደ ቤይዌይ ያለ ዕልቂት እንዳይደገም ያደረገው የእሱ አሠራር ነው። ልኬቱም በዘመኑ ከነበረው የተሻለ ነበር። ችግሩ ጥያቄው የተቀመጠበት መንገድ ላይ ነው። ጎጂ ነው የምትሉ ማስረጃ አምጡ፤ እስከዚያው ይሸጣል። ማስረጃ የማምጣት አቅም ያለው ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ ብቻ ልጥቀስ። እርሳስ በማንኛውም ሰው ሰውነት ውስጥ በተፈጥሮ አለ የሚለውን ለማሳየት መኪና በማይደርስበት የሜክሲኮ ገጠር የሚኖሩ ገበሬዎችን አስመረመረ። እነሱም ላይ እርሳስ ተገኘ። እንግዲያው የተለመደ ነው ተባለ። ገበሬዎቹ ግን የሚያበስሉትና የሚበሉት በእርሳስ በተለበጠ ሸክላ ነበር። ማወዳደሪያው ራሱ የተበከለ ነው። እንዲህ ዓይነት ስህተት የሚያጋልጥ ሁለተኛ ላቦራቶሪ፣ ሌላ ከፋይ ያለው፣ በዚያ ጊዜ አልነበረም።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ኩባንያው የእርሳሱ መጠን ከ3 ሲሲ ወደ 4 ሲሲ በጋሎን ከፍ እንዲል ጠየቀ። ተፈቀደለት።

መስመሩን የሰበረው ከሌላ ሙያ የመጣ ሰው ነው። አንድ የካሊፎርኒያ ጂኦኬሚስት የምድርን ዕድሜ ለማስላት ሲል ጥንታዊ ድንጋይና የሰማይ አለት ውስጥ ያለውን እርሳስ ይለካ ነበር። አልለካ አለው። ላቦራቶሪው፣ አየሩ፣ የራሱ ፀጉር ሳይቀር በእርሳስ ተሞልቷል። ክፍሉን አቧራ እንዳይገባበት አድርጎ ዳግም ሠራው፤ ከዚያ በኋላ በ1956 የምድር ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት መሆኑን አሳተመ። ቀጥሎ ግን ሌላ ጥያቄ ያዘው። ይህ ሁሉ እርሳስ ከየት መጣ?

በ1965 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የአሜሪካውያን ደም ውስጥ ያለው እርሳስ የተለመደ እንጂ ተፈጥሯዊ አይደለም አለ፤ በእሱ ግምት ከተፈጥሯዊው 100 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ከግሪንላንድ በረዶ ውስጥ ዓመት ከዓመት የተደራረበውን እየቆፈረ ከባልደረቦቹ ጋር አሳየ። እርሳሱ ከኢንዱስትሪው ጋር ሲጨምርና በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሽቅብ ሲተኮስ በረዶው ላይ ይነበባል። በምላሹ የጥናት ውል ተቋረጠበት። በ1971 ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ስለ አየር እርሳስ ሪፖርት ሲያወጣ፣ ነገሩን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ በኮሚቴው ውስጥ አልተካተተም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

እዚህ ላይ አንባቢ ሳይንስ አሸነፈ ብሎ ሊደመድም ይችላል። የሆነው እንዲያ አይደለም። መጀመሪያ የተለወጠው ትርፉ ነው።

በ1962 ጄኔራል ሞተርስና ስታንዳርድ ኦይል ኤቲልን ሸጡት። ስለዚህ እርሳስ ለመኪና አምራቹ የራሱ ገቢ መሆኑ አበቃ። በ1970 የንጹህ አየር ሕግ ወጣ፤ በዚያው ዓመት የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲውም ተቋቋመ። ሕጉ ለመኪና አምራቾች ካርቦን ሞኖክሳይድንና ያልተቃጠለ ነዳጅን በጥቂት ዓመታት ውስጥ 90 በመቶ ቀንሱ አላቸው። ይህን ለማሟላት የተገኘው መላ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ነው። ጭሱ ወደ ማርሚታው ከመድረሱ በፊት ጎጂውን ጋዝ በሚለውጥ በፕላቲነም የተቀባ ዕቃ ውስጥ ያልፋል። እርሳስ ደግሞ ፕላቲነሙን ያበላሸዋል። ጥቂት ታንክ ባለእርሳስ ቤንዚን ከተጠቀመ ያ ውድ ዕቃ ሥራ ያቆማል።

እንግዲህ እርሳስን ወደ ቤንዚን ያስገባው ኩባንያ፣ ግማሽ ክፍለ ዘመን ሳይሞላ፣ እርሳስ የሌለበት ቤንዚን ስጡኝ ብሎ ጠያቂ ሆነ። ለሕፃናት አስቦ አይደለም። ኮንቨርተሩ እንዳይበላሽበት ነው። ከሐምሌ 1974 ጀምሮ ትልልቅ ማደያዎች ከእርሳስ ነፃ ቤንዚን እንዲሸጡ ተገደዱ። የ1975 ሞዴል መኪኖች አብዛኞቹ ኮንቨርተር ይዘው ወጡ።

ኤጀንሲው በ1973 ሌላ ደንብ አወጣ። ይኼኛው ለኮንቨርተሩ ሲባል የወጣ አይደለም፤ የሰው ጤና ነው ምክንያቱ። ቀሪው ባለእርሳስ ቤንዚን ውስጥ ያለው መጠን ደረጃ በደረጃ እንዲቀንስ ነው የሚያዘው። ኤቲል ከሰሰ። መጀመሪያ አሸነፈ። በ1976 ግን የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሙሉ ችሎት በ5 ለ4 ድምፅ ለኤጀንሲው ፈረደ። ፍርድ ቤቱ ያለው በአጭሩ፦ ሕጉ "አደጋ ላይ የሚጥል" ነው የሚለው፤ ስለዚህ ጉዳቱ ደርሶ እስኪረጋገጥ መጠበቅ አያስፈልግም። በ1925 ሸክሙ የተጎጂው ነበር። በአንድ ድምፅ ልዩነት ተዛወረ።

ከዚያ ደም መጣ። ከ1976 እስከ 1980 በተደረገ አገር አቀፍ የጤና ዳሰሳ ከሺዎች ሰዎች ደም ተወስዶ ነበር። ባለሙያዎቹ ውጤቱን ሲያዩ በእነዚያ አራት ዓመታት የሕዝቡ የደም እርሳስ 37 በመቶ ወርዷል። ቤንዚን ውስጥ የገባው እርሳስ ከወረደበት መስመር ጋር ሲያነጻጽሩት ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚወርዱት። በ1979 ደግሞ በማሳቹሴትስ ከልጆች የወተት ጥርስ ላይ የተሠራ ጥናት፣ ብዙ እርሳስ ያለባቸው ልጆች ሕመምተኛ ባይመስሉም በአእምሮ ፈተና ዝቅ እንደሚሉ አሳየ።

በ1982 አስተዳደሩ ቢዝነሱን ላቅልልለት ብሎ ገደቡን ሊያላላ ነበር። የደሙ ቁጥር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሐሳቡን ቀየረ፤ እንዲያውም አጠበቀው። በ1985 የመጣው ደንብ ከባዱ ነው። ከ1.1 ግራም በጋሎን ወደ 0.1 ግራም፣ ከጥር 1986 ጀምሮ። ከደንቡ ጋር የታተመው የወጪና ጥቅም ስሌት፣ ጥቅሙ ከወጪው በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አሳየ። ስሌቱ ውስጥ የልጆች ሕክምናና ልዩ ትምህርት ብቻ አይደለም የተቆጠረው። እርሳስ ካንዴላና ማርሚታ ስለሚበላ የመኪና ጥገና ወጪም ተቆጥሯል።

ምን ሠራ

የሠራውን ለማየት አንድ ቁጥር ይበቃል። በ1976–1980 ከ1 እስከ 5 ዓመት ያሉ አሜሪካውያን ልጆች አማካይ የደም እርሳስ 15 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ገደማ ነበር። በ1988–1991 3.6 ሆነ። ዛሬ ለአንድ ልጅ ክትትል የሚጀመርበት መለኪያ 3.5 ነው። በዚያ ዘመን እንግዲህ አማካዩ ልጅ፣ ጤነኛ የሚባለው ልጅ፣ የዛሬውን መለኪያ አራት ጊዜ ያልፍ ነበር ማለት ነው።

ከመንገዶቹ ውስጥ ብዙ ያልተነገረለት የነዳጅ ማጣሪያዎቹ ንግድ ነው። እርሳስ መቀነስ ለሁሉም ማጣሪያ እኩል አልነበረም። አዲስ መሣሪያ ላለው ይቀላል፤ አሮጌና ትንሽ ለሆነው ይከብዳል። ኤጀንሲው ከታዘዘው በላይ የቀነሰ ማጣሪያ ትርፍ ቅነሳውን እንደ መብት ቆጥሮ ላልቻለው እንዲሸጥ ፈቀደ። ከ1985 ጀምሮ ለኋላ ማስቀመጥም ተፈቀደ። በ1987 መጨረሻ ገበያው ተዘጋ። ከግማሽ በላይ ማጣሪያዎች ተሳትፈውበታል። የኔ ግምገማ፦ ይህ ገበያ የሠራው ጣሪያው ከላይ በሕግ ስለተሠራና መዝጊያው ቀን አስቀድሞ ስለታወቀ ነው። ያለ ጣሪያ እንዲህ ዓይነት ንግድ የብክለት ፈቃድ መቸብቸብ ይሆን ነበር።

ምን አልሠራም

ገዢው ራሱ አልረዳም። ባለእርሳስ ቤንዚን ከእርሳስ ነፃው በጥቂት ሳንቲም ይረክስ ነበር። አዲሶቹ መኪኖች ባለእርሳሱን እንዳይቀበሉ የታንካቸው አፍ ጠበብ ተደርጎ ነበር። ሰዉ ምን አደረገ? አፉን አሰፋ። ወይ ማስተላለፊያ ፈልጎ ቀዳ። ኮንቨርተሩ ተበላሸ፣ እርሳሱም ወጣ። ይህን የምጽፈው ሸማቹን ለመክሰስ አይደለም። የራሱን ሳንቲም ነው የቆጠረው፤ እንደ ኩባንያው። የእርሳሱ ዋጋ በማደያው ቆጣሪ ላይ እስካልታየ ድረስ ማንም አይቆጥረውም።

በንግዱ ውስጥም ማጭበርበር ነበር። ሪፖርት የሚጽፈው ራሱ ሻጩ ስለሆነ አንዳንዱ የሌለውን መብት ሸጠ። ቁጥጥሩ ከገበያው ዘግይቶ ነው የደረሰው።

ከሁሉ የከፋው ግን ዕቃው ወደ ሌላ በር መዞሩ ነው። አሜሪካ ስትዘጋ ውሁዱ ሌላ ቦታ መሸጡ ቀጠለ። በ2002 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ዘመቻ ሲጀምር ከ100 በላይ አገሮች አሁንም ይጠቀሙበት ነበር። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች በሰኔ 2001 ዳካር ላይ ተስማምተው በ2006 መጀመሪያ ወጡ። አሜሪካ ከመጀመሪያው ቅነሳ እስከ መጨረሻው 20 ዓመት በላይ ሲፈጅባት እነሱ አምስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ጨረሱት። ይህ በቂ ምስጋና አላገኘም። በሌላ በኩል የመጨረሻ ትልቅ አምራች የነበረ ኩባንያ፣ ኢኖስፔክ፣ የኢንዶኔዥያና የኢራቅ ባለሥልጣናት ግዢውን እንዲቀጥሉ ጉቦ መክፈሉን በ2010 በአሜሪካና በብሪታንያ ፍርድ ቤቶች አመነ። የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ነበረች። በሐምሌ 2021 አቆመች።

ለሌላ ጉዳይ የሚተርፈው

መጀመሪያ የማየው የ1926ቱን ሪፖርት ነው። "ለጊዜው ይሸጥ፣ ጥናቱ ይቀጥል" የሚል ውሳኔ በየመሥሪያ ቤቱ አለ። ጥናቱን ማን ይከፍላል፣ መቼ ይቀርባል፣ ካልቀረበ ምን ይሆናል የሚሉት ሦስቱ ካልተጻፉ "ለጊዜው" የሚለው ቃል ጌጥ ነው። እዚህ 40 ዓመት ሆነ።

ሌላው ማወዳደሪያው ነው። ሁሉም ሰው የተጋለጠበት ነገር ጉዳቱ አይታይም፤ ጤነኛ ብለን የምናወዳድረውም ያው የተጎዳ ነውና። አንድ ነገር "የተለመደ መጠን ነው" ሲባል፣ ያልነካው ቦታ ወይም ዘመን የት አለ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ጂኦኬሚስቱ ግሪንላንድ በረዶ ላይ የወጣው ለዚህ ነው። የደኅንነት ገደብም ቆሞ አይቆይም። ለልጆች አሳሳቢ የሚባለው መጠን በ1960ዎቹ 60 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ነበር፤ ወደ 40፣ 30፣ 25፣ 10፣ 5፣ ከዚያ 3.5 ወረደ። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ከገደቡ በታች ነን ብሎ በሐቅ የሸጠ ነጋዴ ነበር።

ሦስተኛው ለፖሊሲ ሰዎች ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ፣ ለተሟጋቾች ደግሞ ይበልጥ። ከትርፍ ጋር በቀጥታ የተደረገው ትግል ከ1925 እስከ 1970 ብዙም አላራመደም። ሕጉ የሌላ ኩባንያ ትርፍ ከእርሳስ መውጣት ጋር እንዲተሳሰር ሲያደርግ ግን ነገሩ ተንቀሳቀሰ። በየትኛውም ጉዳይ፣ ጉዳቱ ሲቆም የሚያተርፈው ማን ነው ብሎ መፈለግ ጊዜ ይቆጥባል። አልኮል በ1923 የተሸነፈው የሚሟገትለት ባለቤት ስላልነበረው ነው። ካታሊቲክ ኮንቨርተር ግን ነበረው። ይህ መንገድ ደስ የማይለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ትክክለኛ ነገር በተሳሳተ ምክንያት መደረጉ ይከነክነዋል። እኔንም ትንሽ ይከነክነኛል።

ግን ኮንቨርተሩ ብቻውን አይበቃም ነበር። አሮጌዎቹ መኪኖች ገና መንገድ ላይ ነበሩ፤ ለእነሱ የሚሟገት ትርፍ የለም። እነሱን የያዘው ደንቡ፣ ፍርድ ቤቱና በሕዝብ ገንዘብ የተወሰደው ደም ነው። የደሙ ዳሰሳ ለእርሳስ ክርክር ተብሎ የተጀመረ አይደለም፤ የሕዝቡን አጠቃላይ ጤና ለመከታተል ነው። በጀቱ በአንዱ ዓመት ተቆርጦ ቢሆን የ1982ቱ ማላላት ሊያልፍ ይችል እንደነበር አስባለሁ።

ጉዳዩ አሁን የት ደረሰ

መኪና ላይ ተዘግቷል። ፒስተን ሞተር ያላቸው ትናንሽ አውሮፕላኖች ግን አሜሪካ ውስጥ አሁንም ባለእርሳስ ቤንዚን ነው የሚሞሉት። በጥቅምት 2023 የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ከእነሱ የሚወጣው እርሳስ የሕዝብን ጤና አደጋ ላይ ይጥላል ብሎ በይፋ ወስኗል። የሲቪል አቪዬሽን አስተዳደሩ እስከ 2030 መጨረሻ ለማስወጣት ግብ ይዟል። ለመዘግየቱ የሚሰጠው ምክንያትም የታወቀ ነው፦ ሞተሩ እንዳያንኳኳ።